ሁሉም ተማሪ የሚጽፈው ማመልከቻ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚያስተምሩ የአማርኛ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶና እነርሱን በመሰሉ የከተማ ዳርቻ ሰፈሮች ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አማርኛ ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ ነው። ሥራው ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ወይም በሰፈራቸው ያለ አንድ እውነተኛ ችግር መርጠው፣ መረጃ ሰብስበው፣ ማመልከቻ ጽፈው፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገብተው ምላሹን እንዲከታተሉ ማድረግ ነው።

ብዙ ባልደረቦቼ ሞክረውት አልሆነላቸውም። ለምን ብለው ሲጠይቋቸው “መሥሪያ ቤቱ አልመለሰልንም” ይላሉ። እኔ ያየሁት ግን ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ወረቀቱ ከክፍል ከመውጣቱ በፊት መሆኑን ነው። አማርኛ አፋቸውን የፈቱበት አምስት ስድስት ልጆች ይጽፋሉ፤ የቀረው ክፍል ይገለብጣል፤ ከአርሶ አደር ቤት የመጣችው፣ እስከ 4ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረችው ልጅ ደግሞ ስሟ በቡድኑ ዝርዝር ላይ ከመስፈሩ በቀር ሥራው ውስጥ የለችም። ስለ ፍትሕ የሚጠይቅ ወረቀት በዚህ መንገድ ከተጻፈ ትምህርቱ ከሽፏል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ግማሾቹ ስለ ማመልከቻው፣ ግማሾቹ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚናገርና ማን ዝም እንደሚል ናቸው። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ።

ከመጀመርዎ በፊት

ዘጠኝ ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያስፈልግዎታል። በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ ሥራው በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ ክትትሉ ግን ከዚያ በኋላም ይቀጥላል። ወቅቱን በጥንቃቄ ይምረጡ። ችግሩ ከጎርፍ ወይም ከጭቃ ጋር የተያያዘ ከሆነ በየካቲት መጀመሪያ ይጀምሩ፤ በግንቦት የገባ ማመልከቻ ምላሽ ሳያገኝ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ሐምሌም ይደርሳል። የመንፈቀ ዓመት ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በፍጹም አይጀምሩ።

ከርዕሰ መምህሩ ወይም ከርዕሰ መምህርቷ ፈቃድ ያግኙ፤ ፈቃዱም በጽሑፍ ይሁን። “ልጆቹን ወደ ፖለቲካ እየጎተትክ ነው” የሚል ስጋት ቢነሳ ሁለት ነገር ያስረዱ። አንደኛ፣ ማመልከቻና ደብዳቤ መጻፍ የአማርኛ ትምህርት ይዘት ነው። ሁለተኛ፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ የማቅረብን መብት ደንግጓል። ጉዳዩን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባም ያቅርቡ። ኅብረቱ አስቀድሞ ካወቀ በኋላ ከጎንዎ ይቆማል፤ ሳይነገረው ከሌላ ሰው ከሰማ ግን ይቃወማል።

ለወላጆች አጭር የፈቃድ ወረቀት ይላኩ። ወረቀቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢዘጋጅ መልካም ነው። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ስላሉ ልጁ እንዲያነብላቸው ያድርጉ፤ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይበቃል።

በመጨረሻም፣ ተማሪዎቹን ከማሰማራትዎ በፊት እርስዎ ራስዎ አንድ ቀን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። የመንገድና የቦይ ጉዳይ የማን ነው? የቆሻሻ ማንሳትስ? መዝገብ ቤቱ የትኛው ክፍል ነው? እኔ ይህን ሳላጣራ በጀመርኩበት ዓመት የልጆቹ ማመልከቻ ለክፍለ ከተማው ተጽፎ ከበር ተመለሰ። ጉዳዩ የወረዳው ነበር፤ ሦስት ሳምንት የደከሙበትን ወረቀት አድራሻውን ቀይረው እንደገና መጻፍ ነበረባቸው።

ደረጃ 1፦ የክፍሉን ቋንቋዎች ይወቁ

“ብሔርህ ምንድን ነው?” ብለው አይጠይቁ። ጥያቄው ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ በልጆቹ መካከልም የሌለ አጥር ሊያቆም ይችላል። በምትኩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁራጭ ወረቀት ሰጥተው ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ያስመልሱ፦ “ከአያትህ ጋር ስታወራ በምን ቋንቋ ነው?” እና “ከአማርኛ ሌላ ማንበብና መጻፍ የምትችልበት ቋንቋ አለ?” ወረቀቶቹን ራስዎ ይሰብስቡ፣ ራስዎ ዘንድም ያስቀምጡ። ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ለክፍል አለቃ ሰጥቶ ማስቆጠር ወይም ጮክ ብሎ ማንበብ ክልክል ነው።

መልሶቹን ሲያዩ በተለይ በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ መጻፍ የተማሩትን ልጆች ይለዩ። ስሕተት የሚመስሉ አንዳንድ አጻጻፎቻቸው ከሌላ ሥርዓት የመጡ ናቸው። በቁቤ የሚጠብቅ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በእኛ ፊደል ግን መጥበቅና መላላት አይታይም። “አለ” ብለን ስንጽፍ “ተናገረ” ማለታችን ይሁን “ይገኛል” ማለታችን የሚታወቀው ከዐውዱ ነው። በአንድ ወቅት አንድ ልጅ ደብተሩ ላይ “ውኃ የልለም” ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ለካ ጥብቀቱን በትክክል ሰምቶ፣ በሚያውቀው ሕግ መሠረት ሁለት ጊዜ ጽፎት ኖሯል። ይህ የጆሮ ጥራት ነው እንጂ ድንቁርና አይደለም። እንዲሁም በቁቤ ተነባቢና አናባቢ ተለያይተው ስለሚጻፉ እነዚህ ልጆች ግዕዙን ከሳድሱ፣ ለምሳሌ “መ”ን ከ“ም”፣ ሊያምታቱ ይችላሉ። የ“ጸ” ድምፅም በአፋን ኦሮሞ ስለሌለ “ጸሐፊ” የሚለው “ጠሐፊ” ቢሆን አይደነቁ። ይህን አስቀድሞ ያወቀ መምህር በደረጃ 6 ላይ የሚያርመው ነገር ያንሳል።

ደረጃ 2፦ በአነጋገር መሳቅን ያስቁሙ

ይህን ደረጃ ዘለው ካለፉ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ልጆች ስሕተት ይቅር ይላሉ፤ የተሳቀባቸውን ቀን ግን አይረሱም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ቆማ ስታነብ “ጸጥታ” የሚለውን ቃል “ጠጥታ” አለችው፤ እኔም በቅንነት “ምን ጠጥታ ነው?” ብዬ ቀለድኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቱ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እጇን አላወጣችም። ስጠራት ትቆማለች፣ ዓይኗን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተክላ ዝም ትላለች። ይቅርታ የጠየቅኳት ለብቻዋ ነበር፤ የቀለድኩት ግን በሁሉም ፊት ነው። ይቅርታውም በሁሉም ፊት መሆን እንደነበረበት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እንዲህ ያድርጉ፦

1. የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሃያ ደቂቃ “ዛሬ ተማሪው እኔ ነኝ” ብለው ይጀምሩ። “ውኃ” በሌሎች ቋንቋዎች ምን እንደሚባል ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች እንዲያስተምሩዎት ያድርጉ። በኦሮምኛ “ቢሻን”፣ በወላይትኛ “ሃታ”፣ በሲዳምኛ “ዋ” ይባላል። ከዚያ ከበድ ያለ ቃል ይጠይቁ። “ዸጋ”፣ ማለትም ድንጋይ፣ በሚለው የኦሮምኛ ቃል ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ድምፅ አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው በቀላሉ አይጠራውም። ይሞክሩት። ይሳቱ። ልጆቹ ይሳቁብዎት።

2. ሳቁ ሲያበቃ “አሁን የተሰማኝን ማን ይገምታል?” ብለው ይጠይቁና ጥቂት መልስ ይስሙ። ንግግር አያብዙ።

3. አንድ ሕግ ብቻ ይደንግጉ፦ ተናጋሪ ላይ የሳቀ ተማሪ ተነሥቶ ተናጋሪው ያቀረበውን ሐሳብ በራሱ አገላለጽ ይደግማል። ቅጣት አይጨምሩበት፤ ተንበርከክ ወይም ውጣ አይበሉ። ሐሳቡን ለመድገም ማዳመጥ ስላለበት ሕጉ ራሱ ሥራውን ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ “ገጠሬ” እና “ባላገር” የሚሉት ቃላት ለስድብ ሲውሉ ወዲያውኑ ያስቁሙ። በምሳሌነት የሚያቀርቧቸውን ተረትና ምሳሌዎችም አስቀድመው ያጣሩ። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል” የሚለውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ዘይቤውን ብቻ እያስተነተኑ ሴት ተማሪዎችን “ማመልከቻ ጻፉ” ማለት አይቻልም።

ደረጃ 3፦ ችግሩን ያስመርጡ

እጅ አያስቆጥሩ። እጅ ሲቆጠር ድምፃቸው ጎላ ያሉት ልጆች፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ፣ የኳስ ሜዳውን ያስመርጣሉ። በቁራጭ ወረቀት፣ ያለ ስም፣ ተማሪው በፈለገው ቋንቋ አንድ ችግር እንዲጽፍ ያድርጉ። እኔ ይህን በሠራሁበት ክፍል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወረቀቶች ስለ ውኃና ስለ መጸዳጃ ቤት ነበሩ፤ በቃል ሲጠየቅ ግን አንድም ሰው አላነሣውም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነሥተው ጄሪካን የሚሞሉት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ጠዋት ዘግይተው ሲመጡ የምንቆጣቸውም እነርሱን ነው።

ከተሰበሰቡት ችግሮች መካከል የሚከተሉትን መስፈርቶች የሚያሟላውን ያስመርጡ፦

- ተማሪዎቹ በዓይናቸው የሚያዩት፣ በእግራቸው የሚደርሱበት ይሁን።
- የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በስም የሚታወቅ ይሁን። ለምሳሌ የመጠጥ ውኃ ጉዳይ የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍን፣ የዋና መንገድ ጉዳይ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣንን፣ የቆሻሻ ማንሳት ደግሞ የወረዳውን የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመለከታል።
- በጥቂት ወራት ውስጥ ሊፈጸም የሚችል ይሁን። “መንገዱ አስፋልት ይሁንልን” ከሚለው ይልቅ “ቦዩ ክዳን ይደረግለት” የሚለው ይሻላል።

የመሬት ካሣ ጉዳይ ሊነሣ ይችላል። የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ከተሠራበት እርሻ የተነሡ ቤተሰቦች ልጆችና በዚያው ሕንፃ ዕጣ የደረሳቸው ቤተሰቦች ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉና። ጉዳዩ የፍትሕ ጥያቄ መሆኑን አይካዱ፤ ጽሑፉንም አይጣሉት። ነገር ግን የክፍሉ ማመልከቻ ርዕስ አያድርጉት፤ የ13 ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት የቤተሰቡን ጉዳይ ተሸክሞ ሊሟገት አይገባውም። ጽሑፉ ያለ ስም ስለሆነ የማን ነው ብለው አያፈላልጉ። ለመላው ክፍል “እንዲህ ያለውን ጉዳይ ወላጅ ራሱ ለወረዳው ያቀርባል፤ በዚያ መፍትሔ ካጣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል” ብለው ያሳውቁና ይለፉ።

ደረጃ 4፦ መረጃ ያሰባስቡ

አምስት አምስት ተማሪ ያላቸው ቡድኖች ያዋቅሩ። የቀድሞውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት አይድገሙት፤ በዚያ ጎበዝ የተባለው ተማሪ አለቃ ስለሚሆን ሌሎቹ ጠባቂ ሆነው ይቀራሉ። ይልቁንም አምስት የሥራ ድርሻ ይስጡ፦ ጠያቂ፣ ለኪ፣ መዝጋቢ፣ ጸሐፊና አንባቢ። ድርሻው በየክፍለ ጊዜው ይዙር። በእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሁለት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ይኑሩ፤ ይህንን ከደረጃ 1 ወረቀቶች ተነሥተው እርስዎ ይደለድሉ እንጂ ምክንያቱን አይናገሩ።

ችግሩ ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ ነው እንበል። ለኪው የቦዩን ስፋት በሜትር ይለካል። መዝጋቢው ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 2፡00 ሰዓት ስንት ሰው እንደተሻገረ በዘንግ ምልክት ይቆጥራል። ጠያቂው በቦዩ ዳር በቆሎ የሚጠብሱትን እናት፣ የባጃጅ ሾፌሩን፣ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ያነጋግራል። ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ አዛውንት ካሉ ቋንቋውን የሚችለው ልጅ ጠያቂ ይሁን፤ እግረ መንገዱን ያ ልጅ ለቡድኑ የግድ የሚያስፈልግ ሰው ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ተማሪዎችን ያለ አዋቂ አያሰማሩ። ተሽከርካሪ የሚበዛበት አውራ ጎዳና ላይ ልኬት አያስደርጉ። የሰው ፎቶግራፍ አያስነሡ። የተጠያቂዎችን ስም በደብተር አያስጽፉ፤ “በአካባቢው ለ8 ዓመት የኖሩ እናት” ማለት ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን ያስጽፉ

ሁለት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይመድቡ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማንም ስለ ቅርጽ አያስብ። እያንዳንዱ ተማሪ የታዘበውን በአምስት ዐረፍተ ነገር፣ በሚቀለው ቋንቋ ይጻፍ። በቁቤ የጻፈም ይጻፍ። ከዚያ በቡድን ውስጥ እየተተረጎመ ይነበብ። ሐሳብ በአንድ ቋንቋ ከጠራ በኋላ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል፤ ገና ያልጠራ ሐሳብ በማያውቁት ሰዋስው ሲጠየቅ ግን የሚወጣው ግልባጭ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቅርጹን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከላይ ወደ ታች ያሳዩ፦

1. ቀን፦ በቀኝ በኩል ከላይ።
2. ተቀባይ፦ “ለ…” ብሎ የጽሕፈት ቤቱ ሙሉ ስም፤ ከሥሩ “አዲስ አበባ”። ለግለሰብ ኃላፊ በስም አይጻፍ።
3. ጉዳዩ፦ አንድ መስመር ብቻ፣ “ስለመጠየቅ” ብሎ የሚያበቃ።
4. የመጀመሪያው አንቀጽ፦ እኛ ማን ነን።
5. ሁለተኛው አንቀጽ፦ ችግሩ ምንድን ነው፣ የት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምን አስከተለ። ቁጥሮቹ እዚህ ይገባሉ።
6. ሦስተኛው አንቀጽ፦ ምን እንዲደረግ እንጠይቃለን። አንድ ጥያቄ ብቻ።
7. “ከሰላምታ ጋር”፣ ፊርማ፣ አድራሻ፣ በመጨረሻም ግልባጭ።

“ጉዳዩ” የሚለው መስመር ላይ ረጅም ጊዜ ይቆዩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወረቀቱን ወደየትኛው ክፍል እንደምትመራው የምትወስነው ይህን አንድ መስመር አይታ ነው። “ስለ ችግራችን” ተብሎ ከተጻፈ ወረቀቱ ባለቤት ያጣል። “በትምህርት ቤቱ ዋና በር ፊት ለፊት ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ክዳን እንዲደረግለት ስለመጠየቅ” ከተባለ ግን ሌላውን ሳታነብ ታውቀዋለች።

የአገላለጹ ቃና ሁለት የተለመዱ ጥፋቶች አሉት። አንደኛው ልመና ነው፦ “እባካችሁ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ እኛን ምስኪኖቹን እዩን።” ሁለተኛው ቁጣ ነው፦ “ኃላፊዎች ለሕዝብ ግድ የላቸውም።” ሁለቱንም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፈው ተማሪዎቹ እንዲያቀኗቸው ያድርጉ። ሊደርሱበት የሚገባው እንዲህ ያለው ነው፦

“በትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ያለው ቦይ ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ክዳን የለውም። በዚህ ዓመት ሁለት የ1ኛ ክፍል ተማሪዎች ወድቀው ጉዳት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ከሰኔ ወር በፊት ክዳን እንዲደረግለት በትሕትና እንጠይቃለን።”

“በትሕትና” የሚለው ቃል ይቅር ብለው የተከራከሩኝ ተማሪዎች ነበሩ፤ “መብታችን ከሆነ ለምን በትሕትና?” አሉ። እኔ ቃሉ ይግባ ባይ ነኝ፤ ክርክሩ ግን ከማመልከቻው የማይተናነስ ትምህርት ስለሆነ አሥር ደቂቃ ይስጡት፤ በመጨረሻም በድምፅ ይወሰን።

ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ከከተማው ወሰን ማዶ ከሆነ

በዳርቻው ሰፈሮች ይህ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ልጆቹ አዲስ አበባ ይማራሉ፣ የሚሻገሩት ድልድይ ወይም ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ ግን በኦሮሚያ በኩል በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ይሆናል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውም በዚያው ቋንቋ መጻፍ አለበት።

ብዙ መምህራን እዚህ ላይ “የእኔ ትምህርት አማርኛ ነው” ብለው ያቆማሉ፤ እንደ እኔ ከሆነ የሥራው ምርጥ ክፍል የሚጀምረው እዚህ ነው። የአፋን ኦሮሞ መምህሩን ወይም መምህርቷን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይጋብዙ። ቅርጹ ተመሳሳይ ነው፤ “ጉዳዩ” በሚለው ቦታ “ዺሚ ኢሳ” ይገባል። በዚያ ቀን ብዕሩን የሚይዙት እስካሁን ዝም ያሉት ተማሪዎች ይሆናሉ። የአማርኛውን ረቂቅ ሲጽፍ የነበረው ጎበዝ ልጅ ወንበሩን ወደ እነርሱ ስቦ “ይሄ ምን ማለት ነው?” ብሎ ሲጠይቅ አይቻለሁ። እርስዎም አብረው ይጠይቁ። ማርኩን ከአማርኛው እኩል ይስጡ፤ የተረጎመ ተማሪ ሁለቱን ቋንቋዎች ሠርቷልና።

ደረጃ 6፦ ያርሙ፣ ማርክ ይስጡ

ቀይ እስክሪብቶዎን ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ንባብ ላይ ትርጉም የሚያዛቡ ስሕተቶችን ብቻ በእርሳስ ያስምሩ፦ የተሳሳተ ቁጥር፣ የጎደለ ቦታ፣ ማን ምን እንዳደረገ የማይለይ ዐረፍተ ነገር። በሁለተኛው ንባብ የፊደል ስሕተቶችን ያሳዩ፤ ከአንድ ወረቀት ላይ ግን ከአምስት አይበልጡ። “ሠ”ን በ“ሰ”፣ “ሐ”ን በ“ሀ” የለወጠ ተማሪ ማርክ አይቀነስበት፤ በዚህ ጉዳይ መዝገበ ቃላትና ጋዜጦች እንኳ አንድ ዓይነት አይጽፉም። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄደው ንጹሕ ቅጂ ግን ወጥ ይሁን።

ከተከታታይ ምዘናው 10 ማርክ ከመደቡለት እንዲህ ይከፋፈል፦ ለመረጃው ትክክለኛነት 4፣ ለቅርጹ 3፣ ተማሪው ከመጀመሪያ ረቂቁ ላሻሻለው 2፣ ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ 1። ለማሻሻል የሚሰጠው 2 ማርክ አይቅር። አማርኛ ከአፉ የማይጠፋ ልጅ በአንድ ጊዜ ጽፎ 8 ያገኛል፤ አራት ጊዜ የጻፈችውም ልጅ እዚያ እንድትደርስ የሚያደርጋት ይህ ነው። “ለሁሉም አንድ ዓይነት መስፈርት ካልሆነ አድልዎ ነው” የሚል ባልደረባ ካለ መስፈርቱ ለሁሉም አንድ መሆኑን ያሳዩት፤ ማሻሻል ለማንም የተከለከለ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ያስገቡ

1. በእጅ ጽሑፍም ሆነ በኮምፒዩተር የተዘጋጀውን ንጹሕ ቅጂ በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ።
2. የሕፃናትን ስምና ፊርማ ዝርዝር አያያይዙ። “የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች” ተብሎ በርዕሰ መምህሩ መሸኛ ደብዳቤ ይሂድ።
3. አንድ ወላጅና ሁለት ተማሪዎች ይዘው ይሂዱ። ከሁለቱ አንዷ በክፍል ውስጥ ብዙም የማትናገር ትሁን፤ ግን ፈቃዷን ይጠይቁ።
4. ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን በክፍል ውስጥ ተለማመዱ። እርስዎ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ” ይበሉ። ተማሪዋ “እሺ፣ ኃላፊውን ነገ እናገኛቸዋለን፤ ማመልከቻውን ግን እርስዎ ገቢ ያድርጉልን” ማለትን ትልመድ። “አንቺ” ሳይሆን “እርስዎ” መባል እንዳለበት ያስታውሱ፤ በኦሮምኛም የአክብሮቱን “ኢሲን” ትጠቀም።
5. አንዱ ኮፒ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይደረግበት አይመለሱ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ይቆጠራል።

ደረጃ 8፦ ይከታተሉ

ማኅተም ያለበትን ኮፒ ክላሰር ውስጥ አድርገው የገቢ ቁጥሩን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይጻፉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምላሽ ካልመጣ ተማሪዎቹ የማስታወሻ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ይህ ከመጀመሪያው አጭር ነው፦ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ የጥያቄው ፍሬ ነገር። ከዚያም ካልመጣ በወረዳው ወደሚገኘው ቅሬታ ሰሚ ይቀጥሉ። የደረሳችሁበትን በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ በሁለት ቋንቋ፣ በአጭሩ አስነግሩ፤ ማንንም ሳትዘልፉ “በዚህ ቀን አስገብተናል፣ ምላሽ እየጠበቅን ነው” ይበቃል።

እንከን ሲገጥም

አንድ ቡድን ሙሉ በሙሉ ከሌላው ከገለበጠ፦ አይቅጡ። ወረቀቶቹን ሰብስበው እያንዳንዱ ተማሪ በቃሉ “ቦዩ ስፋቱ ስንት ነው? ማን ለካው?” ለሚሉት መልስ እንዲሰጥ ያድርጉ። መልስ ያጣ ቡድን ወደ ደረጃ 4 ይመለሳል።

ወላጅ መጥቶ “ልጄን ኦሮምኛ አታስጽፍ” ወይም “አማርኛ አታስጽፍ” ካለ፦ ሁለቱም ይገጥማል፤ እኔ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም አስተናግጃለሁ። ደጅ ላይ ቆመው አይከራከሩ። ወንበር ሰጥተው የልጁን ወረቀት ያሳዩ፣ ልጁ ራሱ አንብቦ ለወላጁ ያስረዳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በመንግሥት እኩል ዕውቅና እንዳላቸው እንደሚል ማስታወስ ይቻላል፤ ከአንቀጹ ይልቅ ግን የልጁ ንባብ ወላጁን ያለዝበዋል። ካልተስማማ ልጁ ያንን ክፍል ትቶ የልኬቱን ሥራ ይቀጥል፤ ማርክም አይጉደልበት።

መሥሪያ ቤቱ “ልጆችን ማን ላካቸው?” ብሎ ከተቆጣ፦ መልሱን እርስዎ ይስጡ እንጂ ተማሪዎቹ አይመልሱ። የፈቃዱን ደብዳቤና የትምህርት ዕቅዱን ገጽ ያሳዩ። ልጆቹን ወዲያው ይዘው ይመለሱ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከወላጅ ኅብረቱ ሰብሳቢ ጋር ይሂዱ።

ምላሹ “በጀት የለም” ከሆነ፦ ይህም ምላሽ ነው፤ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከዚያ ተማሪዎቹ ጥያቄውን አጥብበው ሁለተኛ ማመልከቻ ይጻፉ። እኛ ስለ ቦዩ ይህን መልስ ባገኘን ጊዜ ልጆቹ “ክዳኑ እስኪሠራ ድረስ ሦስት ጠንካራ ሳንቃዎች ይቀመጡልን” ብለው ጻፉ። ሳንቃዎቹ ከአሥር ቀን በኋላ መጡ፤ ክዳኑ አሁንም አልተሠራም።

ዓመቱ ካለቀ፦ ክላሰሩን ለሚቀጥለው ዓመት 7ኛ ክፍል ያስረክቡ። ርክክቡን አሮጌዎቹ ተማሪዎች ራሳቸው ያድርጉት፦ የገቢ ቁጥሩ ይህ ነው፣ የመጨረሻው ምላሽ የመጣው በዚህ ቀን ነው፣ መዝገብ ቤቱ በግራ በኩል ሁለተኛው በር ነው፣ ዓርብ ከሰዓት አትሂዱ።